መስመር ከየት ወዴት?
ስለ ረቂቅ ሥዕል፣ ስለ ምትና ስለ እንቅስቃሴ ለማኅበሩ አባላት የቀረበ ንግግር



ስለ ድልድይ፣ ስለ ግድብና ስለ መንገድ በሚነገርበት መድረክ ላይ ስለ ሥዕል፣ ያውም ሰውም ዛፍም ቤትም ስለማይታይበት ረቂቅ ሥዕል መናገር ለአንዳንዶች ቦታውን የሳተ ነገር መስሎ ሊታይ ይችላል። ይሁን እንጂ መሐንዲስና ረቂቅ ሥዕል የሚሠራ ሠዓሊ ሥራቸውን የሚጀምሩት ከአንድ ነገር ነው፤ እርሱም መስመር ነው። ሁለቱም በባዶ ወረቀት ፊት ይቀመጣሉ፤ ሁለቱም የመጀመሪያውን መስመር ሲያሰምሩ ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ሁሉ በከፊል ይወስናሉ።

በሥዕል ኤግዚቢሽን አዳራሽ ውስጥ ረቂቅ ሥዕል ፊት የቆመ ሰው ዘወትር የሚያነሣው ጥያቄ አንድ ነው። «ይህ የምን ሥዕል ነው?» ይላል። መልስ ባጣ ጊዜ ወይ በራሱ ዕውቀት ማነስ ያፍራል፤ ወይም ሠዓሊውን በአታላይነት ይጠረጥራል። ሁለቱም ፍርዶች ትክክል አይደሉም። ችግሩ ከጥያቄው የመጣ ነው፤ ጥያቄው መስመር ሁሉ የአንድ የሚታወቅ ነገር ጠርዝ መሆን አለበት ከሚል እምነት የተነሣ ነውና። የዚህ ንግግር ዓላማ መስመር የነገር ጠርዝ ከመሆኑ በፊት የእንቅስቃሴ ዱካ መሆኑን፣ መሐንዲሱም ይህን በየዕለቱ እየሠራበት ልብ ሳይለው የሚያልፍ መሆኑን፣ ይህንንም መዘንጋቱ ለሙያው ጉዳት ያለው መሆኑን ማስረዳት ነው። ለምስክርነት በተለይ የአንድ ሰው ሕይወትና ሥራ ይቀርባል፤ እርሱም በስዊስ አገር የተወለደው ሠዓሊ ፓውል ክሌ ነው።

በመሬት ላይ የማይታዩ መስመሮች

በመጀመሪያ ከሙያው መነሣት ይገባል። የአንድ ቤት ፕላን ሲዘረጋ በወረቀቱ ላይ ያሉት መስመሮች አብዛኛዎቹ የግድግዳ፣ የበርና የመስኮት ጠርዞች ናቸው። ነገር ግን በዚያው ጠረጴዛ ላይ የምንም ነገር ጠርዝ ያልሆኑ መስመሮች ሞልተዋል። ለምሳሌ ያህል የቀያሹን ካርታ መመልከት ይቻላል። እኩል ከፍታ ያላቸውን ነጥቦች የሚያያይዘውን የኮንቱር መስመር በእንጦጦ ዳገት ላይ በዐይኑ ያየው ሰው የለም። እንጨት ተሸክማ የምትወርድ ሴት በየዕለቱ ታቋርጠዋለች፤ ነገር ግን አታውቀውም። ሆኖም ልምድ ያለው መሐንዲስ ካርታውን ገና ሲገልጥ መስመሮቹ የተጠጋጉበት ስፍራ ቀጥ ያለ ዳገት፣ የተራራቁበትም ሜዳ መሆኑን ይረዳል። ወደ ከፍታው በኩል ሹል ሆነው የታጠፉበትንም አይቶ ሸለቆ መሆኑን ያውቃል። ከወንበሩ ሳይነሣ ዳገቱን ይወጣዋል ማለት ነው።

ሌላም ምሳሌ አለ። በሁለት ምሰሶዎች ላይ ባረፈ አግዳሚ ላይ ጭነት እኩል ሆኖ ሲዘረጋ መሐንዲሱ የሞመንቱን ዲያግራም ይሥላል። መስመሩ ከአንዱ ጫፍ ከዜሮ ተነሥቶ እስከ መካከሉ እያደገ ይሄድና እንደገና በሌላው ጫፍ ወደ ዜሮ ይመለሳል። በአግዳሚው ውስጥ ይህን የመሰለ ቅስት ተጠርቦ አይገኝም፤ ያለው ብረትና ኮንክሪት ነው። መስመሩ የሚናገረው ጭነቱ በአግዳሚው ላይ የሚያደርሰው ጫና ከስፍራ ወደ ስፍራ እንዴት እንደሚለዋወጥ ነው። የወንዝ ፍሰት በክረምት እንዴት እንደሚያብጥና በበጋ እንዴት እንደሚመነምን የሚያሳየው ግራፍም እንዲሁ የወንዙን ጠባይ እንጂ መልኩን አያሳይም። እነዚህን አይቶ «የምን ሥዕል ነው?» ብሎ የሚጠይቅ መሐንዲስ የለም። መስመሩ ከየት ተነሥቶ ወዴት እንደሚሄድ፣ በምን ፍጥነት እንደሚወጣና እንደሚወርድ ይከታተላል እንጂ።

ይህ አስተያየት ከምሕንድስና ውጭም ቢሆን ለኢትዮጵያዊ እንግዳ አይደለም። የድጓን መጽሐፍ ገልጦ ያየ ሰው ከፊደላቱ ጋር የተጻፉትን ጥቃቅን ምልክቶች ያውቃቸዋል። ይዘት፣ ደረት፣ ድፋት፣ ቅናት፣ ጭረት፣ ሂደት፣ ቁርጥና ርክርክ የሚባሉት እነዚህ ነጥቦች፣ ቅስቶችና ሰረዞች የማንንም መልክ አይሥሉም፤ የድምፅን አካሄድ ያመለክታሉ። መሪጌታው ምልክቱን ሲያይ ድምፁ ይታዘዛል። ሊቃውንቱም መቋሚያቸውን ይዘው በዝማሜ ሲወዛወዙ በብራና ላይ የነበረው ጭረት የሰውነት እንቅስቃሴ ይሆናል። መስመር፣ ምትና እንቅስቃሴ በአንድነት የሚገኙበት ሥርዓት በአገሪቱ ውስጥ ብዙ መቶ ዓመታት ኖሯል።

ከቫዮሊን ወደ ሸራ

ፓውል ክሌ እ.ኤ.አ. በ1879 በበርን ከተማ አጠገብ ተወለደ። አባቱ ጀርመናዊ የሙዚቃ መምህር፣ እናቱም በዘፈን የሠለጠነች ስዊሳዊት ነበሩ። ልጁ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ቫዮሊን ተማረ፤ በ11 ዓመቱም ከበርን ኦርኬስትራ ጋር በተጨማሪ ተጫዋችነት እንዲሠራ ተጋበዘ። ሁሉም ሙዚቀኛ ይሆናል ብሎ ሲጠብቀው በ1898 ሥዕል ለመማር ወደ ሙኒክ ሄደ። በ1906 ሊሊ የተባለች ፒያኖ ተጫዋች አገባ። ሚስቱ ፒያኖ እያስተማረች የቤቱን ወጪ ስትሸፍን እርሱ ልጃቸውን እያሳደገና ምግብ እያበሰለ በዚያው በማዕድ ቤት ይሥል ነበር። ቫዮሊኑንም አልጣለውም።

ሙዚቃን ከሥዕል ጋር አብሮ ለያዘ ሰው አንድ ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም። ሙዚቃ በጊዜ ውስጥ ይፈሳል፤ ይጀምራል፣ ይቀጥላል፣ ያበቃል። ሥዕል ግን በግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ዝም ይላል። ታዲያ ዝም ያለው ሸራ ጊዜን ሊይዝ የሚችለው እንዴት ነው? ክሌ የደረሰበት መልስ ቀላልም ጥልቅም ነበር። ሥዕል በአንድ ቅጽበት አይሠራም፤ በአንድ ቅጽበትም አይታይም። የሠዓሊው እጅ ከአንድ ነጥብ ተነሥቶ ይጓዛል፤ የተመልካቹም ዐይን በዚያው መንገድ ይከተለዋል። ስለዚህ መስመር በጊዜ ውስጥ የተደረገ ጉዞ ነው፤ ሸራውም የጉዞው መዝገብ ነው።

ይህን አሳብ በሥርዓት ለማስተማር ዕድል ያገኘው አርክቴክቱ ቫልተር ግሮፒዩስ እ.ኤ.አ. በ1919 በቫይማር በመሠረተው ባውሃውስ በተባለው ትምህርት ቤት ነው። ክሌ ከ1921 እስከ 1931 በመጀመሪያ በቫይማር፣ በኋላም በደሳው አስተማረ። ትምህርት ቤቱ አናጢውን፣ ሸማኔውን፣ አርክቴክቱንና ሠዓሊውን በአንድ ጣሪያ ሥር ያሰባሰበ ስለነበር መምህሩ ነገሩን በስሜት ብቻ ሳይሆን በምክንያት ማስረዳት ነበረበት። የትምህርቱ አንድ ክፍል በ1925 በትንሽ መጽሐፍ ታትሞ ወጣ። መጽሐፉን የገለጠ መሐንዲስ በውስጡ ቱንቢ፣ የውኃ ወፍጮ፣ በገመድ ላይ የሚሄድ ሰው፣ አጥንትና ጡንቻ ሲያገኝ የሥዕል መጽሐፍ መያዙን ሊጠራጠር ይችላል።

አድራጊና ተደራጊ

በክሌ ትምህርት መሠረት ነጥብ ሲንቀሳቀስ መስመር ይሆናል፤ መስመር ሲንቀሳቀስ ስፋት ይሆናል። መስመሮችም ሦስት ዓይነት ናቸው። የመጀመሪያው አድራጊ መስመር ነው፤ ያለ ግብ እንደሚንሸራሸር ሰው በነፃነት ይሄዳል። ሁለተኛው መካከለኛ መስመር ነው፤ ዞሮ ወደ ተነሣበት ሲመለስ ክብ ወይም ሦስት ማዕዘን ያበጃል፤ ዐይንም መስመሩንና በውስጡ ያለውን ስፋት አንድ ላይ ያያል። ሦስተኛው ተደራጊ መስመር ነው፤ ቀለም በተቀባ ስፋት ጠርዝ ላይ ይገኛል። እርሱ ራሱ አልተጓዘም፤ ስፋቱ ባለቀበት ቦታ ተፈጠረ እንጂ።

የውኃው ወፍጮ የሚመጣው ይህንኑ ለማስረዳት ነው። ውኃው ከከፍታ ይወርዳል፤ አድራጊው እርሱ ነው። መንኮራኩሩ ኃይሉን ተቀብሎ ያስተላልፋል፤ መካከለኛ ነው። በመጨረሻ የሚነሣውና የሚወድቀው መዶሻ ተደራጊ ነው። መዶሻውን ብቻ አይቶ ውኃውን ያላየ ሰው የወፍጮውን ሥራ አውቄአለሁ ሊል አይችልም። «የምን ሥዕል ነው?» የሚለው ጥያቄም ጉድለቱ እዚህ ላይ ነው፤ ተደራጊውን መስመር፣ ማለት የነገሩን ጠርዝ ብቻ ይፈልጋል፤ አድራጊውን አይፈልግም።

ምትም በዚሁ መንገድ ይመረመራል። አንድ ዓይነት ነገር በእኩል ርቀት ሲደጋገም የመጀመሪያው ምት ይገኛል። የጡብ ግድግዳ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው፤ አንድ ረድፍ ቢጨመርበት ወይም ቢቀነስበት ጠባዩ አይለወጥም። ሌላው ምት ግን ክፍሎቹ እርስ በርሳቸው የተሳሰሩበት፣ አንዱ ሲወጣ ሁሉም የሚናጋበት ነው። በድንጋይ በተሠራ ቅስት ድልድይ ውስጥ የመዝጊያውን ድንጋይ መቀነስ አይቻልም። መልካም ሥዕል ሁለቱን ያጣምራል። የሰው ሕይወትም እንዲሁ ነው። የልብ ትርታ፣ ትንፋሽና እርምጃ እንደ ጡብ ረድፍ ይደጋገማሉ፤ በእነርሱ ላይ የሚሄደው የአንድ ሰው ዕድሜ ግን አይደገምም፤ ከውስጡም አንድ ዓመት አውጥቶ ቀሪውን እንደ ነበረ ማቆየት አይቻልም።

ዋናው መንገድና የጎን መንገዶች

ክሌ ከእ.ኤ.አ. 1928 መጨረሻ እስከ 1929 መጀመሪያ ድረስ ግብፅን ጎበኘ። በአባይ ወንዝ ዳርና ዳር በመስኖ የተከፋፈሉትን እርሻዎች አየ። በዚያው ዓመት «ዋናው መንገድና የጎን መንገዶች» የተባለውን ሥዕል ሠራ። ሸራው ቁመቱ 84፣ ወርዱ 68 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። በመካከሉ አንድ ሰፊ መንገድ በአግድም በተደረደሩ ባለ ቀለም ሰንበሮች ደረጃ በደረጃ እየጠበበ ወደ ላይ ይወጣል። ከጫፉ በላይ ሰማያዊ ሰንበሮች ተጋድመዋል። በግራና በቀኝ ብዙ ትንንሽ መንገዶች አሉ፤ አንዳንዱ ይጣመማል፣ አንዳንዱ ይሰበራል፣ አንዳንዱ ለሁለት ይከፈላል። ሰውም ዛፍም በሥዕሉ ላይ የለም፤ ሆኖም ለምለም መሬትና ውኃ መኖራቸውን ዐይን ይቀበላል።

የዋናው መንገድ ምት እኩልና የተረጋጋ ስለሆነ ዐይን በፍጥነት ይወጣበታል። በጎን መንገዶች ላይ ግን ዐይን ይዘገያል፤ ይቆማል፤ ይመለሳል። ሠዓሊው ፍጥነትን ያለ አንዳች ተንቀሳቃሽ ነገር፣ በሰንበሮች ስፋትና ጥበት ብቻ አሳየ። የኮንቱርን ካርታ የሚያነብ ሰው ይህን ለማንበብ አዲስ ዐይን አያስፈልገውም።

ይህ ሥዕል ዛሬ የሚገኘው በጀርመን አገር በኮሎኝ ከተማ በሉድቪግ ሙዚየም ነው። ከተማዋም ለኢትዮጵያ የሥዕል ታሪክ ባዕድ አይደለችም። እ.ኤ.አ. በ1932 በሐረር የተወለደው ገብረ ክርስቶስ ደስታ ከ1957 እስከ 1961 ሥዕል የተማረው በዚያች ከተማ ነው። አባቱ የሃይማኖት መጻሕፍትን በሥዕል ያስጌጡ የቤተ ክህነት ሰው ነበሩ፤ እርሱም ቀደም ብሎ በአዲስ አበባ የእርሻ ሳይንስ ትምህርት ጀምሮ ለሥዕል ሲል ትቶታል። ተመልሶ በአዲስ አበባ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት አስተማረ፤ በ1965ም የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የሽልማት ድርጅትን ሽልማት ተቀበለ። ገጣሚም ስለነበረ ምትን በቃልም በቀለምም ያውቀዋል። የሚታወቁ ነገሮችን ባይሥል ኖሮ «መሣል አይችልም» ይባል ነበር፤ ነገር ግን ሰዎችንና ኑሮአቸውንም ሥሏል። ቢሆንም ረቂቅ ሥዕሉ ለአገሩ ባዕድ ነው የሚል ወቀሳ አልቀረለትም። በመጨረሻም ከአገሩ ወጥቶ በ1981 በአሜሪካን አገር ዐረፈ። ከሥራዎቹ ብዙዎቹ ከጀርመን ተመልሰው በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር በስሙ በተሰየመው ማዕከል ይገኛሉ። «ባዕድ ነው» ለተባለው ሥራ የድጓው ምልክቶች ከሁሉ የተሻለ መልስ ይሰጣሉ።

የሥዕል መፈተኛ

እዚህ ላይ አንድ ተገቢ ተቃውሞ መሰማት አለበት። የመሐንዲሱ መስመር ይፈተናል፤ አግዳሚው ጭነቱን ካልቻለ ይሰበራል፤ ሰውም ይሞታል። የሠዓሊው መስመር ግን በምን ይፈተናል? ማንም እጁ እንዳመጣለት ጭሮ ረቂቅ ሥዕል ነው ቢል የሚያግደው ምንድን ነው?

ልዩነቱ እውነተኛ ነው፤ መሸፋፈን አይገባም። ማንም የሠዓሊ ስሕተት ድልድይ አያፈርስም። ረቂቅ ሥዕል ሁሉም መልካም ነው ማለትም አይቻልም፤ ከቶ ያልታሰበበትም ብዙ ነው። ነገር ግን መፈተኛ አለው። ተመልካቹ አንድን መስመር በጣቱ ሸፍኖ ሥዕሉን እንደገና ይመልከት። ምንም ካልተለወጠ መስመሩ ትርፍ ነበር። ቀሪው ክፍል ሚዛኑን ስቶ ወደ አንድ ወገን ካዘነበለ፣ ወይም የዐይኑ ጉዞ መካከል ላይ ከተቋረጠ ያ መስመር ሥራ ነበረው። መሐንዲስ ከመዋቅር ውስጥ አንድ ምሰሶ በአሳቡ አውጥቶ ቀሪው ይቆም እንደ ሆነ የሚመረምረው በዚሁ መንገድ ነው።

እጅ ሲደክም

ይህ ሁሉ የትምህርት ክፍል ጨዋታ እንዳይመስል የክሌን የመጨረሻ ዓመታት ማየት ያስፈልጋል። ናዚዎች በጀርመን ሥልጣን በያዙበት በ1933 በዱስልዶርፍ ከነበረው የመምህርነት ሥራው ተባረረና ወደ በርን ተመለሰ። በ1937 ከጀርመን የሕዝብ ሙዚየሞች 102 ሥራዎቹ ተወረሱ፤ 17ቱም ዘመናዊውን ሥዕል ለማዋረድ በሙኒክ በተዘጋጀው ኤግዚቢሽን ላይ ለመሳለቂያ ቀረቡ። ከዚያም በፊት በ1935 ቆዳን እያደረቀና እያጠነከረ የሚሄድ በሽታ ይዞት ነበር፤ ሐኪሞች በኋላ ስክሌሮደርማ መሆኑን ገምተዋል። በ1936 የሠራቸው ሥራዎች 25 ያህል ብቻ ናቸው። ዕድሜ ልኩን እንደ ክር በቀጠነ መስመር የታወቀ እጅ ያለቀለት መሰለ።

ነገር ግን አላለቀለትም። አንድ መዋቅር የሚሸከመው ጭነት ሲለወጥ ብልህ መሐንዲስ የቀድሞውን ቅርጽ የሙጥኝ አይልም፤ እንደ አዲስ ያሰላል። ክሌም እንዲሁ አደረገ። ቀጭኑን መስመር ትቶ በሰፊ ብሩሽ ወፍራም፣ ጥቁር፣ አጫጭር መስመሮችን ማሳረፍ ጀመረ። በ1939 ብቻ ከ1200 በላይ ሥራዎች ሠራ፤ ከነዚህም አብዛኛዎቹ ንድፎች ናቸው። በሞተበት በ1940 የሠራው «ሞትና እሳት» የተባለው ሥዕል አንድ ነጭ ፊት ያሳያል፤ በፊቱም ላይ ሞት የሚለውን የጀርመንኛ ቃል ፊደላት ማንበብ ይቻላል። በቀኝ በኩል በጥቂት ጭረቶች የተሠራ አንድ ሰው ይታያል፤ እርሱም እየተራመደ ነው። ክሌ በስዊስ አገር ተወልዶ በአባቱ በኩል ጀርመናዊ ስለነበር የስዊስ ዜግነት ጠይቆ ነበር፤ ሳይፈቀድለት በሰኔ ወር መጨረሻ ዐረፈ።

የነዚህ ዓመታት መስመሮች ለሚያያቸው ሁሉ አንድ ነገር ያረጋግጣሉ። መስመር የሕይወት ዱካ ነው ማለት ለውበት የተነገረ ቃል ብቻ አይደለም። ሰውነቱ ሲለወጥ መስመሩ ተለወጠ፤ ምቱ ከበደ፤ እንቅስቃሴው ግን አልቆመም።

የመሐንዲሱ ድርሻ

እንግዲህ ይህ ለማኅበሩ አባላት ምን ይጠቅማል? መልሱ በየመሥሪያ ቤቱና በየትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ ይገኛል። መሐንዲሱ የእግረኛ መንገዱን በቀጥታና በማዕዘን ነድፎ፣ በድንጋይ አስነጥፎ ያስረክባል። ጥቂት ወራት ሳይቆይ በሣሩ መካከል አንድ ቀጭን የተረገጠ መንገድ ይወጣል። ማንም አልነደፈውም፤ ፕላኑም ላይ የለም። ከበሩ ወደ ክፍሉ፣ ከአውቶቡስ ማቆሚያው ወደ ውኃ ቧንቧው የሚሄዱ ሰዎች እግር ነው ያሰመረው። እርሱ አድራጊው መስመር ነው። ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ ግን አጥር ማቆም ወይም «በሣሩ ላይ መሄድ ክልክል ነው» የሚል ማስታወቂያ መትከል ነው።

ዛሬ ንድፍ በአብዛኛው የሚወጣው በኮምፒዩተር ነው። መስመሩ ከአንድ ነጥብ ወደ ሌላው በቅጽበት ይደርሳል፤ እጅ አይጓዝም፤ ጉዞው ስለማይታወቅም መስመሩ የሰው እርምጃ መሆኑን መዘንጋት ቀላል ነው። በወረቀት ላይ ሁለት ሴንቲ ሜትር የረዘመ መስመር፣ መለኪያው አንድ ለአንድ ሺህ ከሆነ፣ ለተሸከመች እናት የ20 ሜትር ተጨማሪ መንገድ ነው፤ በየቀኑ ስትሄድና ስትመለስ ደግሞ 40 ሜትር ይሆናል።

ስለዚህ አንድ የማኅበሩ አባል ወደፊት ረቂቅ ሥዕል ፊት ሲቆም የምን ሥዕል መሆኑን ከመጠየቅ ይልቅ አንዱን መስመር መርጦ ከየት እንደ ተነሣ፣ የት እንደ ፈጠነ፣ የት እንደ ዘገየ፣ ከማን ጋር እንደ ተገናኘ በዐይኑ ይከተለው። ከዚያም ወደ ሥራው ሲመለስ በነደፈው ግቢ ውስጥ ሰዎች በሣሩ ላይ ያወጡትን መንገድ በዚያው ዐይን ይመልከተው። አጥር ከማቆሙ በፊትም ሜትሩን ይዞ ይለካው።